በሩ እምቢ ያለ ዕለት

ሰው የሠራው ሥራ ሲፈርስበት ያዝናል። እኔ ግን ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ በአንድ ቀን፣ ያውም በበዓል ቀን፣ ያውም ሕዝብ ለምኜ አስፈርሻለሁ። ዛሬ ደረቴን ነፍቼ የማወራው ስለሠራሁት ሳይሆን ስላፈረስኩት ነው። ግራ ከገባችሁ አይፈረድባችሁም፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። ያደግኩት ንፋስ መውጫ፣ ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ዳር ነው። ከግብርና ኮሌጅ ተመርቄ ስማዳ ውስጥ ወይራ ጥግ በምትባል መንደር ልማት ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቦት ጫማዬ አዲስ፣ ድምፄ ከፍ ያለ፣ በዓለም ላይ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ገበሬ ሲናገር አቋርጥ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ዝቅ ለማድረግ ብዬ አይደለም፤ ያለዚህ ነገሩ ስለማይገባችሁ ነው።

ወይራ ጥግ ሁለት ሰፈር ናት። ላይኛው ሰፈር ሜዳው ላይ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና ከወል ግጦሹ አጠገብ ነው። ታችኛው ሰፈር ከተዳፋቱ ግርጌ ነው። እኔ የምኖረው ታች፣ እትዬ ይታይሽ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ጋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ይታይሽ ተረበኛ ናቸው። ቦት ጫማዬን ባዩ ቁጥር «እሱን አድርገሽ ትተኛለሽ እንዴ?» ይሉኛል።

እኔ ስደርስ መንደሩ በዝናብ እጥረት ተጎሳቁሎ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ገብሱ ሳያፈራ ጥሎ ይሄዳል። ምንጩ ደርቋል። ጎረምሶቹ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወርደዋል፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ደጁን በእሾህ ዘግቶ ከነልጆቹ ወደ ከተማ ሄዷል። እኔ እዚያ የሄድኩት ይህን ላስቆም ነበርና ሕዝቡን አስተባብሬ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ትሬንች አስቆፈርኩት። ትሬንች የዝናብ ውኃ አቁሮ ቀስ እያለ ወደ መሬት የሚያሰርግ ረጅም ጉድጓድ ነው። ሠራልኝ! በዓመቱ ምንጩ ተመለሰ፤ ደጃቸውን የዘጉ ሁለት ቤተሰቦችም ተመለሱ። ጎብኚ መጣ፣ ፎቶ ተነሣን፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት።

አንድ ሰው ብቻ አስቸገረኝ። አያ ላቀው ይባላሉ፤ ተዳፋቱ መሐል ላይ ማሳ ያላቸው፣ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው አባቶቻቸው ሲያደርጉት እንደኖሩት በማሳቸው ላይ ሰያፍ ፈሰስ ያወጣሉ። ፈሰስ ማለት ትርፍ ውኃ ከማሳው ወጥቶ ወደ ሸለቆ እንዲወርድ በማረሻ የሚሰመር ቦይ ነው። እኔ ውኃ ላስቀር እሞታለሁ፣ እሳቸው ያባርራሉ! በስብሰባ መሐል ስማቸውን ጠርቼ አስነሣኋቸው።

«አያ ላቀው፣ የመንደሩን ውኃ እየሰረቁ ነው» አልኩ፤ በሕዝብ ፊት።

«ልጄ፣ ይህ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ ውኃ ይዞ አይለቅም። ሲጠግብ ይተኛል» አሉኝ።

«መሬት አይተኛም። የሚተኛ ሰነፍ ነው!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ፈሰሳቸውን ደፈኑት።

እኔ ግን በዚህ አልረካሁም። በእኛ አገር ለደንብ ቅጣት ደንታ የሌለው ሰው የካህን ግዝት እንደሚፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚካኤልን አለቃ ቄስ ሞላን ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ለመንደሩ ያስባሉና ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው «ትሬንች የደፈነ፣ እርከን ያፈረሰ፣ ውኃውን ያስለቀቀ የተገዘተ ይሁን» ብለው አወጁ። ሕዝቡም ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ጠባቂ መቅጠር አላስፈለገኝም። ብልህነቴን ለራሴ አደነቅኩ።

ሦስተኛው ክረምት እንደ ልማዱ ዘግይቶ ጀመረ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን የዘገየውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወርደው ጀመር። ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» ሲሉ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ትሬንቾቼ ጢም ብለው ሞልተው እየፈሰሱ ነበራ።

የነሐሴ ሚካኤል ዕለት፣ የፍልሰታ ጾም ላይ ነን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልወጣ ብል በሩ አልከፈት አለኝ።

«እትዬ፣ በሩ እምቢ አለ!»

«ዝናብ ጠጥቶ ነው። ያን ሁሉ ሽሮዬን የበላሽበት ጉልበትሽ የት ሄዶ ነው? ግፊው!»

በትከሻዬ ገፋሁት። ወለሉን እየፋቀ በግድ ተከፈተ። ከመቃኑ ሥር ተነሥታ ግቢውን አቋርጣ እስከ አጥሩ የምትሄድ፣ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አየሁ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ፍልፈል ነው። ዘንድሮ በዝቷል።»

ተቀበልኳቸው። እንዲያውም ወጥመድ እንደማመጣላቸው ቃል ገባሁ። ኮሌጅ ገብቼ ስለ አፈር የተማርኩት እኔ፣ ዓይኔ እያየ፣ ፍልፈል አልኩ።

እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። በዓል ስለሆነ የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ወጥቷል፤ ታች የቀሩት አራሶች፣ አቅመ ደካሞችና ከብቶች ናቸው። እኔም ልወጣ ስል ትሬንቾቼን ልይ ብዬ ወደ ተዳፋቱ ታጠፍኩ።

ዝናቡ እየወረደ ነው። ትናንት ሲመሽ ሞልተው ሲፈሱ የነበሩት መካከለኛዎቹ ትሬንቾች ግን ባዶ ናቸው። ጠብታ የለባቸውም። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። አጠገባቸው አያ ላቀው በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ አያ ላቀው? አዩልኝ አይደል? ያ ሁሉ ውኃ ባንድ ሌሊት ሰረገ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አይቻለሁ። ወዴት ሄደ?»

«ወደ መሬት ነዋ።»

«ከመሬትስ ወዴት?»

እሳቸው እጄን ይዘው ጥቂት እርምጃ ወሰዱኝ። ሣሩ ውስጥ መሬቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ በላይ አንድ ችካል፣ በታች ሌላ ችካል ተተክሏል፤ በመካከላቸው አንዲት ሸምበቆ መሬት ላይ ወድቃለች።

«ትናንት ነው የተከልኳቸው። ሸምበቆዋን በልኳ ቆርጬ በሁለቱ መሐል ወጥሬያት ነበር። አሁን ያት።» አንሥተው ለኩልኝ። አራት ጣት ጎደላት።

ከወገባቸው ቢላ አውጥተው ከአጥሩ ሌላ ሸምበቆ ቆረጡ፤ በሁለቱ ችካሎች መሐል ጥብቅ አድርገው ወጠሯት። «እንግዲህ ጥቂት እንቁም» አሉ። ቆምን። ከቤተ ክርስቲያን የካህናቱ ድምፅ ይመጣል። ውኃ በአንገቴ እየወረደ ሸምበቆዋን ብቻ አያለሁ። ብዙም አልቆየች፤ ማንም ሳይነካት ጫፏ ተንሸራተተና ወደቀች።

ያኔ ነው ጠዋት የሆነው ትዝ ያለኝ።

«አያ ላቀው፣ ዛሬ የእትዬ ይታይሽ በር አልከፈት አለኝ። ግቢያቸውም ተሰንጥቋል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው ላዩም ታቹም ተነሥቷል። ሊተኛ ነው።»

«ምን እናድርግ?»

ይህን ቃል ለገበሬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሰውና ከብቱን ከታች ማውጣት። ከስንጥቁ በላይ ያሉት ጉድጓዶች ገና ሙሉ ናቸው፤ እነሱም ወደዚህ ሳይገቡ በፈሰስ ወደ ሸለቆው ማስለቀቅ። ሁሉንም ባይሆን የተረፈውን መሬት እናቆመዋለን።»

«እንጀምራ!» ብዬ ከስንጥቁ በላይ ወዳለው ትሬንች ሮጬ በእጄ ጭቃውን መቧጠጥ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

«እኔ አልነካውም። ግዝት አለበት።»

«አያ ላቀው፣ ሰው ሊያልቅ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። የኔ ነፍስስ ትቅር ብል፣ ይህ ሁሉ ወንድ ግዝት ጥሶ ዶማ ያነሣልሻል? ያስገዘተ ነው የሚያስፈታ። ሩጪ!»

ሮጥኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቅዳሴው ገና አልተገባም፤ ሕዝቡ በዛፎቹ ሥር ተጠልሏል። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቄስ ሞላ ፊት ቆምኩና በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰሙኝና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ።

«ግዝቱን ማን ነው ያስጣለ?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አሁንስ ምን ትያለሽ?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሕዝቡ ንገሪ።»

ዞርኩ። ሁሉም ያየኛል። እዚያ ሕዝብ ፊት ስንቴ ቆሜ እንደጮህኩ አስቡት። ያን ቀን ድምፄ እንደ አያ ላቀው ድምፅ ቀጥኖ ነበር። «የቆፈራችሁት ትሬንች ውኃውን እያስገባ ተዳፋቱን እያንሸራተተው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ ማስለቀቅ አለብን» አልኩ።

ደሳለኝ የሚባል ጎበዝ አራሽ ከመሐል ተነሣ። «ትናንት ቆፍሩ አልሽን፣ አጥንታችን እስኪወጣ ቆፈርን። ዛሬ አፍርሱ? ነገስ ምን ልትይን ነው?»

እውነቱን ነው። ሌላው ደግሞ «በሚካኤል ቀን መሬት ሊቆፈር?» አለ። ማጉረምረሙ ጨመረ። ስለ ሸምበቆዋ ነገርኳቸው፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ተስፋ ስቆርጥ «የእትዬ ይታይሽ በር ዛሬ አልከፈት አለኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ይታይሽ ከሴቶቹ መሐል ወጡ። «እውነቷን ነው። ያ በር ከተሠራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፍልፈል ነው ብዬ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ የኔም በር ትናንት አልዘጋ አለኝ» አለች አንዲት ልጇን ያዘለች ሴት።

«የኔም» አለ አንድ ሰውዬ። «እንጨቱ አብጦ ነው ብዬ በመጥረቢያ ጠረብኩት።»

«የኔም...»

ሁላቸውም የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሁሉም በየቤቱ በዝናቡ አሳብቦ ትቶት ነበር። ደሳለኝ ቀስ ብሎ ነጠላውን ከትከሻው አወረደና ወገቡ ላይ አሠረ።

በዚህ መሐል አያ ላቀው እያለከለኩ ደረሱ። ሰው ሳያዝዘኝ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «በሕዝብ ፊት ሌባ አልኩዎት። በሕዝብ ፊት ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ተነሽ ልጄ፣ ብቻ ቶሎ በሉ።»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አወጡ። «በእግዚአብሔር ስም ያሠርነውን በእግዚአብሔር ስም ፈትተነዋል። ሚካኤል ነፍስ አዳኝ መልአክ ነው፤ በቀኑ ነፍስ ብታድኑ አይቀየማችሁም። ቅዳሴውን እኛ አናስታጉልም። እናንተ ሂዱ!»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ ዳግመኛ አላየሁም። አያ ላቀው ከፊት እየሄዱ በትራቸውን ጭቃው ላይ ይጎትታሉ፤ ወንዶቹ መስመሯን ተከትለው ይቆፍራሉ። ቁልቁል አይደለም፣ አግድምም አይደለም፤ ሰያፍ፣ ወደ አለታማው ሸለቆ። የመጀመሪያው ትሬንች ጎኑ ሲከፈት ውኃው እያገሳ ወጣ። ደሳለኝ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ «ሰናይት፣ ይህንንስ ለጎብኚ እናሳየዋለን?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እያለቀስኩም ነበር መሰለኝ።

ሴቶቹ ታች ወርደው አራሶቹን፣ አቅመ ደካሞቹን፣ ከብቶቹንና እህሉን ማውጣት ያዙ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሰው ሁሉ ወጥቷል ሲባል እትዬ ይታይሽ የሉም። ወርጄ ሳያቸው ከበራቸው ጋር ይታገላሉ።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው? ይውጡ!»

«በሬን ሳልይዝ ወዴት እሄዳለሁ? ባለቤቴ ከዋንዛ የጠረበው ነው። ቤት ጭቃ ነው፣ ይመረጋል። እንዲህ ያለ በር ከየት አመጣለሁ?»

መከራከር ጊዜ ይፈጃል። ጮኼ ደሳለኝን ጠራሁት። ሦስታችን ከመቃኑ ነቅለን፣ እሱ ከፊት፣ እኔና እትዬ ይታይሽ ከኋላ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። ከባድ ነበር። መሐል መንገድ ላይ እትዬ ይታይሽ «እንኳንም ቦት ጫማ ኖረሽ» አሉኝ።

ሜዳው ላይ በሩን እንዳስቀመጥነው ተዳፋቱ ሄደ። ድምፁ ከእግር ሥር ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዛፎቹ እንደቆሙ ወረዱ፤ ከዚያ አጥሩ፤ ከዚያ የእትዬ ይታይሽ ጣሪያ ዘመም አለና ጭቃው ዋጠው። አምስት ቤት ሄደ። ከዚያ ቆመ። ፈሰሱ ካለፈበት በላይ ያለው መሬትና የቀረው ሰፈር ባለበት ቀረ። ሰው ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን። ማንም አልጎደለም።

አያ ላቀው በትራቸውን ተደግፈው «ተኛ» አሉ፤ ለራሳቸው።

የምስጋና ወረቀቴ ትዝ ያለኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከነመስታወቱ ከጭቃው ሥር ነው። ያን ሰዓት አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ግን በር ነበር የተሸከምኩት።

እንግዲህ ከአደጋው በኋላ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤቱ የሄደበት ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ የቀን ሠራተኛ ይሆናል፤ መንደሩም ቀስ በቀስ ይበተናል። ወይራ ጥግ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ላይኛውና ታችኛው ሰፈር ሦስት ቀን ተከራከሩ፤ ክርክሩ መራራ ነበር፤ የወል ግጦሽ ለቤት መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ይታይሽ ናቸው። «እናንተ ቤት መሥሪያ ስጡን፤ እኛ የሄደውን መሬት ለሣር እንከልለው። እያጨዳችሁ ለከብታችሁ ውሰዱ» አሉ። ቤቱ የተረፈለትም ሰው እዚያ ማደር ስለፈራ፣ ታችኛው ሰፈር ጎረቤት ከነጎረቤቱ፣ እንደ ድሮ አቀማመጡ፣ በደቦ ሜዳው ጫፍ ላይ ተሠራ። ከሰፈሩ አንድም ቤተሰብ አልተሰደደም።

ትሬንቾቹንም ሁሉንም አላፈረስንም። ቀይ አፈሩ ላይ ያሉት ዛሬም ውኃ ያስቀራሉ። መረሬው ላይ ፈሰስ አለ፤ ውኃው በከንቱ እንዳይሄድ ሸለቆው ዳር አለቱ ላይ በሠራነው ኩሬ ይጠራቀማል፤ በበጋ ጓሮ እናጠጣበታለን። ክረምት ሲገባ ተዳፋቱ ላይ ችካልና ሸምበቆ እንተክላለን፤ ተረኛው በየጠዋቱ ያያል። ደንቡን እንደገና ስንጽፍ ቄስ ሞላን ግዝት እንዲጥሉ አልለመንናቸውም። እሳቸውም «እንኳን ተዋችሁኝ» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ዝናቡ ጠባዩን ለውጧል። አንድ ዓመት ይነፍገናል፣ በሌላው ዓመት ያጥለቀልቀናል። የእኔ ጥፋት ትሬንች መቆፈሬ አልነበረም። የነፈገንን ዝናብ ብቻ አስቤ፣ የሚያጥለቀልቀውን የሚያውቀውን ሰው በሕዝብ ፊት አፉን ማስያዜ ነበር። በየመንደራችሁ አያ ላቀው አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ «እሺ ልጄ» ብለው ይቀመጣሉ። እባካችሁ ከመቀመጣቸው በፊት ስሟቸው። እኔ ዛሬ ሥራዬን ከበፊቱ በተሻለ እሠራለሁ፤ አልፈራም፣ ድምፄም ተመልሷል። ግን አያ ላቀውን ሳልጠይቅ ዶማ አላነሣም።

አሁንም የምኖረው እትዬ ይታይሽ ጋ ነው፤ አዲሱ ቤት ውስጥ። በሩ ያው የዋንዛው በር ነው። የምስጋና ወረቀት ይሰቀልበት የነበረው ግድግዳ ባዶ ነው። ነሐሴ በገባ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ገና ካልጋዬ ሳልነሣ እሰማቸዋለሁ። እትዬ ይታይሽ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወደ በሩ ይሄዱና በአንድ ጣት ይገፉታል። ይከፈታል። ይዘጉታል። እንደገና ይከፍቱታል።

«ደህና ነን» ይሉኛል። «ተኚ።»